የቴሌቪዥኑ ግንብ፤ እልፍኙና ጓዳው

የእንግሊዝን መኳንንት የጥንት ኑሮ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ድራማ ተሰብስቦ በሚታይበት ክፍል ሁሉ፣ ድራማው ሲያልቅ ሦስት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። ያ ግንብ በእውነት አለ ወይ? ካለስ የት ነው? አገሩን ለመርገጥ ዕድል ያገኘ ሰውስ ገብቶ ሊያየው ይችላል ወይ? መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፤ አዎን፣ አለ፤ ገብቶ ማየትም ይቻላል፤ ዳሩ ግን በቴሌቪዥን እንደታየው ሆኖ በየትም ሥፍራ አይገኝም። ይህ አነጋገር እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላልና ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከሁሉ ይበልጥ ከታወቀው እንጀምር። ጁሊያን ፌሎውስ የደረሰው «ዳውንተን አቢ» ከ2010 እስከ 2015 ድረስ በስድስት ተከታታይ ክፍሎች ታይቷል፤ ከዚያም በኋላ ሦስት የሲኒማ ፊልሞች ተጨምረውበታል። በታሪኩ ውስጥ ግንቡ የሚገኘው በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር ነው። እውነተኛው ቤት ግን ሃይክሊር ካስል ይባላል፤ የሚገኘውም በደቡብ፣ በሃምፕሺር አውራጃ ነው። የካርናርቨን ኧርሎች ቤት ሲሆን፣ ከ1842 ጀምሮ ዛሬ የምናየውን መልክ የሰጠው ቻርልስ ባሪ ነው። ይህ ሰው የለንደንን የፓርላማ ሕንፃ የነደፈው መሐንዲስ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሕንፃዎች አስተያይቶ የተመለከተ ሁሉ ዘመዳሞች መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል። ከግንቡ አጠገብ ያለ የሚመስለው መንደር ደግሞ እዚያ አካባቢ የለም፤ ባምፕተን የምትባል የኦክስፎርድሺር መንደር ናት። በድራማው ሐኪም ቤት ሆኖ የሚታየው ሕንፃም ሐኪም ቤት ሳይሆን የባምፕተን ቤተ መጻሕፍት ነው።

እንግዲህ ድራማውን የተከታተለ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ የታሪኩ እኩሌታ የሚፈጸመው በእልፍኝ ሳይሆን በጓዳ ነው። ወጥ ቤቷ ስትቆጣ፣ ገረዶቹ ሲያለቅሱ፣ የቤቱ አዛዥ የብር ዕቃ ሲወለውል እናያለን። ስለዚህ ሃይክሊር የደረሰ ጐብኚ እልፍኙንና ታላቁን ቤተ መጻሕፍት አይቶ ሲያበቃ «ማድ ቤቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ማድ ቤቱ ግን እዚያ የለም። የግንቡ የጥንት ጓዳ በዘመናት ብዛት ተለውጦ የ1912 ዓ.ም.ን ኑሮ የሚያሳይ ሆኖ ስላልተገኘ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ማድ ቤቱን፣ የአሽከሮቹን የመብል ክፍልና የገረዶቹን መኝታ በምዕራብ ለንደን በኢሊንግ ስቱዲዮ ውስጥ ከእንጨትና ከቀለም ሠርተውታል። አንድ አሽከር የሾርባ ሳህን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ በቴሌቪዥን እናያለን። ደረጃውን የጀመረው በለንደን ነው፤ በሩን ከፍቶ ወደ መብል አዳራሹ የገባው በሃምፕሺር ነው። በመካከሉ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ምናልባትም የብዙ ቀናት ልዩነት አለ፤ ሾርባው ግን አልቀዘቀዘም።

ወጥ ቤቷን ፍለጋ ወደ ምድር ቤቱ የወረደ ጐብኚ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የግብጽ ኤግዚቢሽን ነው! አምስተኛው የካርናርቨን ኧርል በ1922 ዓ.ም. የቱታንካሙን መቃብር ለተገኘበት የሃዋርድ ካርተር ቁፋሮ ገንዘብ ያወጣ ሰው ነበር፤ እሱ ራሱም በማግሥቱ ዓመት፣ በ1923፣ ሞተ። በእኔ አስተያየት ይህ ታሪክ ከድራማው ታሪክ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ደግሞም ድራማው ግንቡን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቁስለኞች ማገገሚያ ሲያደርገው ያየ ሰው ይህን እንዳለ ፈጠራ አድርጎ እንዳይቆጥር፤ ሃይክሊር በእውነት በዚያ ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ጄን ኦስተን በ1813 ዓ.ም. ባሳተመችው ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተውና ቢ.ቢ.ሲ. በ1995 ያሳየው «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ነው። የባለጸጋው የሚስተር ዳርሲ ቤት ከውጭ ሲታይ በቼሺር የሚገኘው ላይም ፓርክ ነው። ወጣቷ በሩን አልፋ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ቤቱ ሌላ ሆኗል፤ የገባችው በደርቢሺር ወደሚገኘው ወደ ሰድበሪ ሆል ነው። አንድ እግሯ በአንድ አውራጃ፣ ሁለተኛው እግሯ በሌላ አውራጃ አረፈ እንደ ማለት ነው። ላይም የሚሄደው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሚስተር ዳርሲ ዘሎ የገባበትን ኩሬ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው ሚስተር ዳርሲ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ይህን የጨመሩት የድራማው አዘጋጆች ናቸው፤ ውኃ ውስጥ የሚታየው ክፍልም የተነሣው በስቱዲዮ ገንዳ ነው። ስለዚህ ይህ ሁሉ ሰው መንገድ አቋርጦ የሚያየው ደራሲዋ ያልጻፈችውን፣ በቦታውም ሙሉ በሙሉ ያልሆነውን ነገር ነው። በዚህ መሳቅ ይቻላል። ሆኖም ወደ ኩሬው የመጣው ሰው ቀና ሲል ጣሊያናዊው ጃኮሞ ሊዮኒ በ1720ዎቹ ያሳመረውን የቤቱን ፊት ያያል፤ እሱን ሊያይ ያልመጣ ሰው እንኳ አይቶት ይሄዳል።

ለመሆኑ አንድን ቤት ለምን ከሁለትና ከሦስት ቤቶች ይሰፉታል? ምክንያቱ ብዙ ነው። የአንዱ ፊት ያምራል፣ እልፍኙ ግን ጠባብ ነው፤ የሌላው አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ከመስኮቱ ውጭ ግን አውራ ጐዳና ያልፋል። አንዱ ባለቤት በበጋ ጐብኚ ስለሚቀበል ቤቱን ለፊልም የሚለቀው በክረምት ብቻ ነው፤ ሌላው ደግሞ ጭራሽ አይፈቅድም። ካሜራውም ከሰው ዓይን ይልቅ ጠባብ ስለሆነ ስፌቱ አይታይም። ጐብኚው ቤቱ ከጠበቀው አንሶ ወይም በዝቶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መንደርም ቢሆን እንዲሁ ይሰፋል። በዊልትሺር የምትገኘው ሌኮክ የተባለች መንደር ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸች ናት። ይህችን መንደር ከነገዳሟ በ1944 ዓ.ም. የተረከበው ናሽናል ትረስት ነው። ይህ ማኅበር በ1895 የተቋቋመ፣ ያማሩ ሥፍራዎችንና ጥንታውያን ቤቶችን ለሕዝብ በአደራ የሚጠብቅ ድርጅት ነው። በመንደሯ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመሬት በታች ተቀብሯል፤ በጣራ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና አይታይም። ቀደም ብለን ያነሣነው የ1995ቱ ድራማ መኰንኖቹ የሚመላለሱባትን ከተማ ያነሣው እዚህ ነው፤ በ2007 የታየው «ክራንፎርድ» የተባለው ድራማም እዚሁ ተነሥቷል። ፊልም ሠሪዎቹ ሲመጡ አስፋልቱን በአፈርና በጠጠር ይሸፍናሉ፣ የነዋሪዎቹን መኪና ከመንገድ ያስነሣሉ፣ አንዳንዱን በር ቀለም ይለውጡታል፤ ሲጨርሱም አፈሩን ጠርገው ይሄዳሉ። በጣም የሚያስደንቀው ግን ይህ አይደለም። በሌኮክ ገዳም ቤት ይኖር የነበረው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በነሐሴ 1835 ዓ.ም. የቤቱን አንዲት መስኮት በወረቀት ላይ በብርሃን አነሣት፤ እስከ ዛሬ ከተጠበቁት የካሜራ ኔጋቲቮች ሁሉ በዕድሜ የመጀመሪያው ይኸው ነው። ፎቶግራፍ ከተወለደባቸው ቤቶች አንዱ ዛሬ ፊልም የሚነሣበት ሆነ ማለት ነው። መስኮቷ አሁንም አለች፤ ቆሞ ማየት ይቻላል።

አሁን ደግሞ በቤቱ ውስጥ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። የፊልም መብራት ኃይለኛ ነው፤ የሁለት መቶና የሦስት መቶ ዓመት ሐርና ሥዕል ደግሞ ብርሃን ይጐዳዋል፤ የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። በሙዚየም ሥራ የተለመደው ደንብ፣ እንዲህ ባለው ጨርቅ ላይ የሚያርፈው ብርሃን «ለክስ» በተባለው መለኪያ ከ50 እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ታላላቆቹን መብራቶች ከቤቱ ውጭ በረጅም ማማ ላይ አቁመው በመስኮት ያስገቡታል፤ በድራማው የማለዳ ፀሐይ መስሎ የሚታየን ይህ ነው። በብዙዎቹ ቤቶች እሳት ያለው ሻማ አይፈቀድም። ወለሉ ይነጠፍለታል፤ የመሣሪያው እግር እንዳይፍቅ የቴኒስ ኳስ ተሰንጥቆ ይጫማለታል፤ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው በእንጨት ወይም በወረቀት ይሸፈናል። ከክፍሉ ጥግ ደግሞ በፊልሙ ላይ ከቶ የማትታይ አንዲት የቅርስ ጠባቂ ቆማ፣ ተዋናዩ በእውነተኛው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ትቈጣጠራለች። ጥንታዊ ቤት በዚህ ዓይነት ከአንድ ሠራዊት ጋር አብሮ ሰንብቶ ሳይጐዳ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንዴም ይጐዳል።

ታዲያ ባለቤቶቹ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ይቀበላሉ? መልሱ ጣራ ነው። የእርሳስ ጣራ፣ የድንጋይ ጌጥ፣ መቶ ክፍል፤ ይህ ሁሉ በየዓመቱ ገንዘብ ይበላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የውርስ ግብር ከፍ ሲል፣ የእርሻ ገቢ ሲቀንስና አሽከር ሲጠፋ ብዙዎቹ መኳንንት ቤታቸውን አፍርሰው ድንጋዩን ሸጡ። በ1974 ዓ.ም. በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የቀረበው ኤግዚቢሽን የፈረሱት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ መሆናቸውን ባሳየ ጊዜ ሕዝቡ ደነገጠ። ሃይክሊርም ቢሆን ድራማው ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጣራው የሚያፈስ፣ የላይኛው ክፍሎቹም ሰው የማይኖርባቸው ቤት ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ በዮርክሺር ያለው ካስል ሃዋርድ ነው። በ1699 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ጆን ቫንብራ ከዚያ በፊት ቤት ሠርቶ የማያውቅ የቴአትር ደራሲ ነበር፤ ቤቱ እንደ መድረክ ሆኖ መሠራቱ ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል። በኅዳር 1940 ቤቱ ተቃጠለ፤ ጉልላቱ ተናደ፤ ብዙ ክፍሎች ባዶ ግድግዳ ሆነው ቀሩ። ብዙ ሰው ቤቱ አበቃለት አለ። ባለቤቱ ጆርጅ ሃዋርድ ግን በ1952 ቤቱን ለጐብኚ ከፈተ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጉልላቱን መልሶ አሠራ። ከዚያም በኢቭሊን ዎ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተውና በ1981 የታየው «ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ» እዚህ ተነሣ። በታሪኩ ውስጥ ተራኪው ሠዓሊ ነው፤ የቤቱንም ግድግዳ ሥዕል ይሥልበታል። ይህን ለማንሣት ክፍል ያስፈልግ ነበርና፣ እሳት ከበላቸው ክፍሎች አንዱ፣ «የአትክልት አዳራሽ» የሚባለው፣ ከፊልሙ በተገኘ ገንዘብ ታደሰ፤ ሠዓሊው ፊሊክስ ኬሊም ግድግዳውን ሣለው። ፊልም ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሉ ቀረ። እንግዲህ ይህን አዳራሽ የሚያይ ጐብኚ ምን ያያል? የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ክፍል ነው እንዳይባል ሥዕሉ ከ1981 ነው፤ የቴሌቪዥን ማስመሰያ ነው እንዳይባል ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ቦታውም የጥንቱ ነው። ሐሰቱ እውነቱን ጠገነው። ይልቁንም የሚገርመው፣ ዎ መጽሐፉን በ1945 ሲያሳትም እነዚህ ቤቶች ሁሉ ሊጠፉ ነው ብሎ ሙሾ ማውረዱ ነበር፤ በኋላ ለአዲሱ እትም በጻፈው መቅድም፣ ሕዝቡ ለእነዚህ ቤቶች እንዲህ ያለ ፍቅር ያድርበታል ብሎ አለመገመቱን ራሱ አምኗል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ድንጋዩና ስለ ጣራው ነው። ድንጋዩ በማን ገንዘብ ተካበ የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ድራማው ይህን ብዙ ጊዜ ዘሎት ያልፋል። ከ2016 እስከ 2019 የታየው «ቪክቶሪያ» የተባለው ድራማ ንግሥቲቱን በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሲያሳየን፣ ከምናያቸው እልፍኞች ብዙዎቹ በእውነት በዮርክሺር ያለው የሄርውድ ቤት ናቸው። ሄርውድ ከ1759 እስከ 1771 ለኤድዊን ላሴልስ የተሠራ ነው፤ ጣራውንና ግድግዳውን ያስጌጠው ሮበርት አዳም፣ የዕቃውን እንጨት የሠራው ቶማስ ቺፐንዴል ነው። የላሴልስ ቤተ ሰብ ሀብት ግን ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ከስኳርና ስኳሩን ካመረቱት ከባሮቹ ጉልበት። የብሪታንያ ፓርላማ በ1833 ባርነትን በሕግ ሲሽር ሃያ ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ካሣው የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው፣ ለባሮቹ አንድ ሳንቲም አልተሰጠም። ከተቀበሉት አንዱ የሄርውድ ኧርል ነበር። የዛሬው ኧርል ይህን ታሪክ ሳይሸሽጉ በአደባባይ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። ናሽናል ትረስትም በ2020 ባወጣው ሪፖርት በሥሩ ካሉት ሥፍራዎች 93ቱ ከቅኝ ግዛት ወይም ከባርነት ታሪክ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ገልጿል፤ በዚህም ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ወቃሾቹ የሰውን ደስታ ታበላሻላችሁ ይላሉ። የእልፍኙን የወርቅ ጌጥ እያየ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ያልጠየቀ ጐብኚ ግን፣ መቼም፣ ድራማውን ደግሞ አየ እንጂ ቤቱን አላየም።

የጓዳውንም ነገር ገና አልጨረስነውም። በሃይክሊር ያጣነውን ማድ ቤት የሚፈልግ ሰው ወደ ዌልስ፣ ሬክሳም አጠገብ ወዳለው ወደ ኤርዲግ ይሂድ። በቴሌቪዥን ያለው ዝና ከላይ ከጠቀስናቸው ያነሰ ነው። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ስለ ተቈፈረ ቤቱ ሊሰምጥ ተቃርቦ ነበር፤ በ1973 ናሽናል ትረስት ተረክቦ አዳነው። ጐብኚው የሚገባው በዋናው በር አይደለም፤ በአናጢው ሥራ ቤት፣ በጋጣው፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በዳቦ መጋገሪያውና በማድ ቤቱ አልፎ ነው፤ እልፍኙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከሁሉም በላይ የቤቱ ጌቶች፣ የዮርክ ቤተ ሰብ፣ ከአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአሽከሮቻቸውን ሥዕል እያሣሉ፣ ግጥምም እየጻፉላቸው በግድግዳው ላይ ሰቀሉ። የአደን ጠባቂው አለ፣ አንጥረኛው አለ፣ ሰማንያ ሰባት ዓመት የሞላት የሸረሪት ድር ጠራጊ አሮጊት አለች። አንድ ጥቁር ወጣት የሠረገላ አሽከርም አለ፤ ሥዕሉ አለ፣ ግጥሙ አለ፣ ስሙ ግን አይታወቅም። በኢሊንግ ስቱዲዮ የተሠራው ማድ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ይህን ሊያሳየን አይችልም።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ምክር ልጨምር። ሃይክሊር እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ ትኬቱንም አስቀድሞ መግዛት ይሻላል። ሌሎቹም ቢሆኑ ፊልም ሲነሣባቸው ክፍሎች ይዘጋሉና ከመነሣት በፊት መጠየቅ ነው። በየክፍሉ የሚቆሙት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አብዛኛዎቹ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው፤ ስለ ተዋንያኑ ሲጠየቁ በትሕትና ይመልሳሉ፤ ስለ ቤቱ ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ይበራል።

ወደ ሩቅ አውራጃ ለመሄድ ጊዜ ለሌለው ተማሪ የባዝ ከተማ ትበቃዋለች፤ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከ1767 እስከ 1774 የተሠራው ሮያል ክሬሰንት ሠላሳ ቤቶችን እንደ ጨረቃ ግማሽ አዙሮ የያዘ ነው። በ2020 መታየት በጀመረው «ብሪጀርተን» የፌዘሪንግተኖች ቤት ሆኖ ከውጭ የሚታየው የረድፉ ቍጥር 1 ቤት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ለብዙ ዘመን ተለይቶበት የነበረውን የአሽከሮች ክንፍ በ2013 መልሶ ስላገኘ እልፍኙንና ጓዳውን ባንድነት ያሳያል። ከዚያ ወጥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ኬልስተን መንገድ ያቀና ሰው ደግሞ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ያገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፋሽስት ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡት፤ ለአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን።